አጥንት ቆጣሪው አጥንቱን ረሳ

ዓባይ ድልድይ ራስ ላይ ተቀምጦ የሚለፍፈውን ሰውዬ ሰማችሁት? «የቢቸና ልጅ ቫይታሚን ዲ አያጥረውም! የሞጣ ልጅ አጥንቱ ብረት ነው! እኛ ዘራችን የፀሐይ ዘር ነው!» ይላል። ይህን ሁሉ የሚለው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ያውም ዛፍ ሥር ተጠግቶ ነው። አያ ጃንጥላ፣ የፀሐይ ዘር ከሆንክ ምነው ዘመድህን እንዲህ ሸሸሃት?

ወንዙ ዓባይ ነው፤ በዓይኑ ዓ ይጻፋል። አንተ ደግሞ አባይ ነህ፤ በአልፋው አ ትጻፋለህ። ስትጠሩ ድምፃችሁ ስለሚቀራረብ ወንዙ አፍሮ ገደል ገብቷል።

«የ13 ወር ጸጋ!» ትላለህ ደረትህን ነፍተህ። ጋሽ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያንን መፈክር ያወጡት ቱሪስት ሊጠሩበት ነው፤ ላንተ ጉልበት የሐኪም ማዘዣ አልጻፉም። ቱሪስቱ መፈክሩን ሰምቶ መጣ፤ ሸሚዙን አውልቆ ፀሐይ ሞቀ፤ የድርሻውን ዲ ጠጥቶ ሄደ። አንተ መፈክሩን ይዘህ ጥላ ሥር ቀረህ። ጸጋውን ለእንግዳ፣ ጥላውን ለራስህ!

ደግሞ ዘሩን ሲቆጥር ምላሱ አይደናቀፍም። «እገሌ እገሌን ወለደ፣ አጥንታችን ንጹሕ ነው፣ አጥንታችን ከባድ ነው።» እሺ፣ ያ እግሩ እንደ ቀስት የጎበጠው ሕፃንስ? «እሱማ በእናቱ በኩል ነው!» አያችሁት? ቀጥ ያለው እግር የእሱ ዘር፣ የጎበጠው የአማቱ ዘር። ሲሞላ ዘራችን፣ ሲጎድል ዘራቸው። አያ ጃንጥላ፣ አንተ አጥንት ቆጥረህ ትኖራለህ፤ አጥንት ግን በቆጠራ አይጠናም። አጥንት ካልሲየም ይፈልጋል። ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም ለመግባት ዲን ይፈልጋል። ዲ ደግሞ ፀሐይ ያየ ቆዳ ይፈልጋል። ያንተ ቆዳ ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ያየው የተጠመቅክ ቀን ነው።

ትምህርት ቤት ሳለን ዲ ይዞ ቤቱ የገባ ልጅ አለንጋ ይጠብቀው ነበር። አያ ጃንጥላ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዲን እንደ ጠላት ያያታል። በወረቀት ላይ ሸሻት፣ ተሳካለት። በደሙም ሸሻት፣ ይኸውና እሱም ተሳካለት!

«ነገሩ ጂን ነው ይላሉ ሐኪሞቹ» ብትለው ደግሞ ክው ብሎ ያማትባል። «እኔ ጂን የለብኝም፣ ጠበል ገብቻለሁ!» ጌታው፣ ይኼኛው ጂን በጠበል አይወጣም፤ ግማሹን ከእናትህ፣ ግማሹን ከአባትህ ወርሰኸዋል። በጠርሙስ የሚሸጠውም ጂን ሌላ ነው፤ እሱን ተወው፣ እሱንስ ሳትወርስም ታውቀዋለህ። የምንልህ ጂን በየሴልህ ውስጥ የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ፊደሉ እዚህም እዚያም ከሰው ሰው ይለያያል። ልዩነቱ በደም ውስጥ የሚገኘውን የዲ መጠን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል። ይህ እውነት ነው፣ አልክድህም። አንተ ግን እውነቷን ጎኗን ይዘህ ሙሉዋን በላሃት።

እስቲ ዓይንህን ከጃንጥላው አውጣና የተቀመጥክበትን ድልድይ ተመልከት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ፋሲል ጊዜ እንደተሠራ ይነገርለታል። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተቆረጠና ሰባራ ድልድይ የሚለው ስም ቀረለት። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከሞጣ ወደ አንዳቤት፣ ከአንዳቤት ወደ ሞጣ የሚሻገር ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶና ከማዶ የቆሙ ጎበዞች እየሳቡት ገደሉን በአየር አለፈ። ገበያተኛው፣ ታማሚው፣ ሙሽራው፣ ሁሉም በገመድ። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የሚባል አሜሪካዊ ይህንኑ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ፎቶ ላይ አየ። በ2002 መጥቶ ከአገሬው ጋር ጠገነው። በ2005 ጎርፍ ወሰደው። በ2009 ከፍ ብሎ ተንጠልጣይ ድልድይ ተዘረጋ።

ያንተም ገላ ይህንኑ ድልድይ ይመስላል፤ ልዩነቱ ያንተ የሚለፈልፍ መሆኑ ነው። ፀሐይ ቆዳህን ስትመታው በቆዳህ ውስጥ ያለ ስብ መሰል ጥሬ ዕቃ ወደ ዲ ይለወጣል። እዚያው ደጃፍ ላይ ዲኤችሲአር7 የሚባል ጂን የሚሠራው ኤንዛይም ቆሞ ጥሬ ዕቃውን ወደ ኮሌስትሮል ይጠልፋል፤ የገበያ ደላላ በለው። የተረፈው ዲ ደም ውስጥ ሲገባ ብቻውን አይሄድም። ጂሲ የሚባለው ጂን የሚያወጣው ፕሮቲን አንጠልጥሎ ይወስደዋል፤ ገመድ ሳቢው እሱ ነው። ጉበት ላይ ኬላ አለ፤ ሲዋይፒ2አር1 ማኅተሙን ይመታበታል። ሐኪም ደምህን ወስዶ የሚለካው ይህን ማኅተም ያረፈበትን ነው። ኩላሊት የመጨረሻውን ሥራ ሠርቶ ለአጥንት ያስረክበዋል። ሲዋይፒ24ኤ1 የሚባለው ደግሞ ያገለገለውን ዲ እየሰባበረ ያጥባል፤ እሱ ጎርፉ ነው።

እንግዲህ የአንዱ ሰው ገመድ ሳቢ ብርቱ ነው፣ የሌላው ይደክማል። የአንዱ ኬላ ፈጣን ነው፣ የሌላው ያጉላላል። የአንዱ ጎርፍ ይበረታል። ዘር ማለት ይኸው ነው። አሁን መልስልኝ አያ ጃንጥላ፤ ገመዱ ጠንካራ፣ ሳቢው ጎበዝ፣ ኬላው ክፍት ቢሆን፣ ከወዲያ ማዶ የሚሻገር ሰው ካልመጣ ማንን ይስባል? አንተ ድልድይ አለኝ ብለህ ትፎክራለህ፤ ድልድይህ ላይ ግን ዝንጀሮ እንኳ አላለፈም!

«ቁጥር አምጣ!» አልክ? ዋ፣ ባልጠየቅክ ይሻልህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት ወደ 34,000 የሚጠጉ የአውሮፓ ዝርያ ያላቸውን ሰዎች መርምሮ የጠቀስኳቸውን ጂኖች አካባቢ ነቅሶ አወጣ። የዲን መጠን የሚያወርዱ ፊደሎች የተከማቹባቸው ሰዎች ለእጥረት የመጋለጥ ዕድላቸው ካልተከማቹባቸው ወደ ሁለት እጥፍ ተጠጋ። በ2020 ደግሞ ከ417,000 በላይ የብሪታንያ ነዋሪዎችን ያየ ሌላ ጥናት በጂን ካርታ ላይ 143 ቦታዎችን አገኘ። መቶ አርባ ሦስት! አንተ ሰባት ቤት ቆጥረህ ላብ አጠመቀህ፤ ከሰባት በኋላ «እ...እ...» ትላለህ። 143ቱን ማን ይቁጠርልህ? ደግሞም እነዚያ ሰዎች የአውሮፓ ሰዎች ናቸው። አንድም የሞጣ ሰው ሳይቆጠር አንተ በሞጣ ስም የሜዳልያ ንግግር ታደርጋለህ። ሳይሮጡ አንደኛ መውጣት የሚቻለው ባንተ ሠፈር ብቻ ነው።

መንትዮችን እያነጻጸሩ የዘርን ድርሻ የለኩ ጥናቶችም አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ውጤታቸው በጣም ይራራቃል፤ ሩብ ያህሉን ለዘር የሰጡ አሉ፣ ከግማሽ በላይ ያደረሱትም አሉ። ሙሉውን ለዘር የሰጠ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። እሱም ጃንጥላ ይዟል።

ወዲያው ነገር ያዞራል። «እኔ ቀይ ነኝ፤ ቀይ ሰው ፀሐይ ቶሎ ይገባዋል!» እሰይ፣ አሁን ወደ ሳይንስ መጣህ፤ ብቻ በጓሮ በር ነው የመጣኸው። እውነት ነው፣ የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን አብሮህ የተወለደ ጃንጥላ ነው። ቆዳን ከደጋ ፀሐይ ቃጠሎ ይጠብቃል፤ በአንጻሩ ዲ ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ያስፈልገዋል። ያዘገያል እንጂ አይከለክልም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት ኢትዮጵያውያንንም አካቶ የአፍሪካውያንን የቆዳ ቀለም ጂኖች መረመረ። ኤስኤልሲ24ኤ5 በሚባለው ጂን ላይ ያለው ቆዳን የሚያፈካ ፊደል በምሥራቅ አፍሪካ በብዛት ተገኘ፤ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ከውጭ በመጡ ሰዎች የገባ ነው። ሰማህ? «ንጹሕ አጥንቴ ምስክር ነው» ያልከው ቅላትህ ራሱ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተኛ የሆነ ነው። ከአንድ እናት ማሕፀን ጠይሙም፣ ቀይ ዳማውም፣ ጥቁሩም ይወጣል። ወንድምህን ተመልከት፤ እሱም አጥንትህ ነው፣ ቀለሙ ግን ሌላ። ቀለም ቆጥረህ አጥንት ልትደርስ? በቀለም የሚደረሰው ደብተር ነው፤ እሱንም አልደረስክበትም!

አሁን ተደላድለህ ቁጭ በል፤ የሚቀጥለው ቆመው የሚሰሙት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት የአዲስ አበባን ሰዎች ከኖርዌይ ሰዎች ጋር አነጻጸረ። ዝቅ ብሎ የተገኘው የማን ዲ ነው? የእኛ! ኖርዌይ ማለት ሰሜኗ በብርዱ ወራት ለሳምንታት ፀሐይ የማትወጣባት አገር ናት። እነሱ የዓሣ ጉበት ዘይት በማንኪያ ይጠጣሉ፤ ፀሐይ ስትወጣላቸው ደግሞ ሥራ ፈተው ሣር ላይ ይነጠፋሉ። አንተ አናትህ ላይ የቆመችውን ፀሐይ ትተህ ጃንጥላ ትሸምታለህ። ያንን ሁሉ ዓሣ የያዘ ዓባይ ከእግርህ ሥር ይፈስሳል፤ ከዓሣው ጋር የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ነው። ጤፍህ ብረት አለው፣ ዲ የለውም። ቅቤው ትንሽ ነበረው፤ እሱንም ፀጉርህ ጠጣው።

ቁጥሩ ዝቅ አለ ማለት ሁሉም ሰው ታመመ ማለት እንዳልሆነ አብሬ ልንገርህ፤ ነገር ቆርጦ መቀጠል ያንተ ሙያ እንጂ የእኔ አይደለም። ገመድ ሳቢው ጂሲ በአፍሪካና በአውሮፓ ሰዎች ዘንድ ዓይነቱ ይለያያል፤ ከዲው ስንቱ ታስሮ ስንቱ ነጻ እንደሚሄድ ሐኪሞች እስካሁን ይከራከሩበታል። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም ወረቀቱን አይቶ ብቻ አይፈርድም። አጥንቱን ያያል፣ የሕፃኑን አንጓ ይዳስሳል፣ «ፀሐይ ትወጣለህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። አንተን ቢጠይቅህ የአያትህን ስም ትነግረዋለህ።

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ ሳቁን እናቁመው። እ.ኤ.አ. በ1997 አዲስ አበባ በሚገኘው በኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ታተመ። ሳንባ ምች ይዟቸው ከመጡ 500 ሕፃናት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ አጥንታቸው ለስልሷል ማለት ነው። ሳንባ ምች ካልያዛቸው 500 ሕፃናት መካከልስ? 20 ብቻ። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰ ሕፃን ትንፋሹን ለመሳብ እንኳ አቅም ያንሰዋል። እነዚያ 210 ሕፃናት የተወለዱት ፀሐይ ባለበት አገር ነው። አንተ ድልድይ ላይ «ዘራችን አይነካውም» ስትል የምትሰማህ እናት ልጇን ይዛ ጓዳ ትገባለች። ተረቤን ያመጣብህ ይኸው ነው።

«በዘር የሚመጣ ሪኬትስ የለም ወይ?» አዎ አለ፤ ያውም ክፉ ነው። ኬላው ወይም የኩላሊቱ ሥራ ከናካቴው የተበላሸበት፣ ወይም ዲ ደርሶ አጥንቱ በሩን የማይከፍትለት ሕፃን ይወለዳል። የሲዋይፒ2አር1 ብልሽት በግልጽ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው፤ ታማሚው ናይጄሪያዊ ነበር። እንዲህ ያለው ግን ጥቂት ነው። ፀሐዩም መድኃኒቱም በልኩ ተሰጥቶት ካልተቃና ሐኪሙ ያኔ ዘር ይጠይቃል። ከአንዳንዱ ዓይነት ሕመም ደግሞ ዘመድ ከዘመድ አለመጋባት ይጠብቃል፤ ሁለት የተበላሹ ቅጂዎች አንድ ልጅ ላይ እንዳይገናኙ ያደርጋል። እንግዲህ ሰባት ቤት ቆጥሮ ማጋባት እዚህ ላይ ይበጃል። ይህቺን ነጥብ ለአያቶችህ ሰጥቻለሁ፤ ላንተ አይደለም፣ አንተ የወረስከው ቆጠራውን እንጂ ጥበቡን አይደለም።

«ፀሐይማ በየቀኑ አያለሁ!» አለ አሁን። የት? «በመኪና መስኮት!» ተመስገን፣ ዳኛ ሳይጠይቅ ምስክሩ ራሱን ከሰሰ። ዲ የሚሠራው የፀሐይ ጨረር መስታወት አያልፍም። ከሞጣ ቢቸና፣ ከቢቸና ደጀን በሚኒባስ መስኮት ብትቃጠል ላቡ ነው ትርፍህ። «ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እሞቃለሁ!» እሱም ብርድ ያስለቅቅሃል እንጂ ለዲ እምብዛም አይረባህም። ሰዓት ከሌለህ ጥላህን ጠይቃት። ጥላህ ካንተ ከረዘመች ዲ ገና አልመጣም። ካንተ ካጠረች ገበያው ደርቷል፤ ክንድህንና እግርህን ገልጠህ ጥቂት ቁም፣ ቆዳህ ሳይጎዳ ግባ። እኛ አገር ደመና ካልጋረደ ከአራት ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ስምንት ሰዓት ጥላ አጭር ናት። ያንተ ጥላ ግን ምንጊዜም ካንተ ትበልጣለች፤ ጃንጥላም ተጨምሮባት!

እ.ኤ.አ. በ1995 በእስራኤል የታተመ ጥናት ከእኛ አገር በሄዱ ሴቶች ዘንድ የዲ እጥረት በብዛት መኖሩን፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አሳይቷል። እስራኤልም ፀሐይ አላጣችም። ፀሐይ ሰማይ ላይ መዋሏ ለሰማይ ነው የሚጠቅመው፤ ላንተ የሚጠቅምህ ቆዳህ ላይ ስትውል ነው።

የመጨረሻዋን ቡጢ ልስጥህና ልሻገር። አዳማ። ከተማዋና ዙሪያዋ ያለው ገጠር። 174 ተማሪዎች፤ 89ኙ ከከተማ፣ 85ቱ ከገጠር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፤ አጥኚዎቹ ርዕሱ ላይ ያንኑ የ13 ወር ፀሐይህን አስገብተውበታል። የከተማዎቹ ልጆች 61.8 በመቶ ዲ አጥሯቸዋል። የገጠሮቹ 21.2 በመቶ። ሰማዩ አንድ፣ ፀሐይዋ አንድ። ቤቱ ቴሌቪዥን ወይም ኮምፒዩተር ያለው ልጅ ለእጥረቱ ይበልጥ ተጋልጦ ተገኘ። ቴሌቪዥን ከየትኛው አያትህ ነው የሚወረሰው አያ ጃንጥላ? በሰባት ቤት ውስጥ ፈልግልኝ! ከብት የሚጠብቀው ልጅ ዲውን ሜዳ ላይ ለቀመ፤ ያ ዘመናዊ ያልከው ሳሎን ውስጥ በመጋረጃ ታጥሮ ገረጣ።

ድልድዩ ላይ ያላችሁ ሰዎች ሳቃችሁ፣ እሱም ጋቢውን ወደ ዓይኑ ሳበ። ይሳቅ፣ ግድ የለም። እኔ ግን አሁን ከአንዳቤት በኩል የምትመጣውን እናት ነው የማየው። ገበያ ትሄዳለች፤ አገልግሏ በክንዷ፣ ሕፃኑ በጀርባዋ። ሕፃኑ በነጠላ፣ ከነጠላው በላይ በፎጣ፣ ከፎጣው በላይ በጋቢ ተጠቅልሏል። ምች እንዳይመታው ነው፤ ዓይን እንዳይበላውም ነው። ፍቅር ነው የጠቀለለው፣ አውቃለሁ። የምታጠቢው ጡት ግን እመቤቴ፣ ለዚህ ሕፃን ብዙ ነገር ሲኖረው ዲው ትንሽ ነው። ፀሐይ ሳያይ ከርሞ አንጓው ካበጠ፣ ሊቆም ሲል እግሩ ከጎበጠ፣ በዘሬ ነው ብለሽ አትቀመጪ፤ ጤና ጣቢያ አድርሺው። ዛሬ ግን ደህና ነው፤ ጥላሽም ካንቺ አጥራለች። እዚች ድንጋይ ላይ ጥቂት አረፍ በይ፣ ፊቱን በጀርባሽ ከልይለትና እግሮቹን ግለጪለት። ያንን ሰውዬ አትስሚው፤ ጃንጥላውንም ቢሰጥሽ አትቀበዪው።